ጭስ ቤት

አባቴ ሌላ ሚስት ሊያገባ መሆኑን ከቤታችን ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነበርኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ የማታውቀው ነገር የለም። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ስኳሩ የት እንደተደበቀ፣ ጎረቤታችን እትዬ ጤናዬ የማንን ወሬ ለማን እንዳደረሰች፣ ሁሉን አውቅ ነበር። ስለዚህ የዚያን ክረምት ነገር ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ሠፈራችን ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ ሲኬድ ነው። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ያኔ ጋራዥ፣ የእንጨት መሸጫና ጭቃ ነበር። ግቢያችን ከፊት ወርክሾፕ፣ ከኋላ መኖሪያ ቤት ነው። ወንድ አያቴ አዩብ ከስልጤ መጥቶ ሥራውን የጀመረው አሮጌ በርሜል ለሁለት እየቆረጠ እግር በመበየድ ነበር ይላሉ። አባቴ ረሻድና ታናሽ ወንድሙ ሙሐዲን ሲረከቡት ላሜራ መጠቅለል፣ ውስጡን በጭቃ መለሰን፣ በር መግጠም ተጨመረበት። የእንጨት ምድጃ ነው የምንሠራው። አሁን ወርክሾፑን የማስተዳድረው እኔ፣ ሲሃም ነኝ። ሰው መጥቶ "ሴት ልጅን ከብየዳ ጋር ምን አገናኛት?" ሲለኝ "ምድጃው ፊት የሚቀመጠው ማነው? አንተ ነህ?" እለዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ይገዛል።

ከወርክሾፑና ከመኖሪያው መሐል አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ጭስ ቤት እንላታለን። መስኮት የላትም፣ በሯ ዝቅ ያለ ነው፣ ግድግዳዋ ከውስጥ በጥላሸት ጠቁሯል። ከግቢያችን አንድም ምድጃ እዚያች ክፍል ሳይገባ አይሸጥም ነበር። የአያቴ ሕግ ነው። "የሰው ማድቤት ጠባብ ነው፣ ዝግ ነው፤ ምድጃውን ሜዳ ላይ አንድደህ ጥሩ ነው ካልክ ዋሽተሃል" ይል ነበር አሉ። ስለዚህ አዲሱ ምድጃ ጭስ ቤት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ የመጀመሪያው እሳት ይለኮስበታል፣ አንድ ድስት ውሃ እስኪፈላ ይጠበቃል። እሳቱን የምትለኩሰው ደግሞ የቤቱ ሚስት ብቻ ናት። ቅጥረኛ አሠሪው ደስ እንዲለው ብሎ "አይጨስም" ይላል፤ ሚስት ግን ዓይኗን ያቃጠላትን ነገር ዝም አትልም። የአያቴ ሐሳብ ይህ ነበር። መጀመሪያ የእሱ ሚስት ለኮሰች። እሷ ስትሞት እናቴ ዙቤዳ ከነሙሽርነቷ ገባች።

እናቴ ከጭስ ቤት ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ግንባሯ ላይ ላብና ጥላሸት ተለጥፎ ነው። ወንዶቹ መዶሻቸውን አቁመው አፏን ያያሉ። "ይሄ ይሂድ" ካለች ይሄዳል። "ይሄ ያስለቅሳል" ካለች አጎቴ ሙሐዲን ሳይከራከር ምድጃውን ገልብጦ መቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ አባቴ አንድ ብርጭቆ ወተት ያቀብላታል። በያጅም ሆነ ቀለም ቀቢ፣ ጭስ የዋጠ ሰው ደረቱን ወተት ያጥብለታል ይባላል፤ እኛ ግቢ ወተቱ የእናቴ ነበር። ሌላ ሰው አይነካውም፤ እኔ እንኳ አልነካውም። ያቺ ብርጭቆ የያዘችው እናቴ በዓይኔ ከሠፈሩ ሴቶች ሁሉ ትበልጥ ነበር።

ሳሏ መቼ እንደጀመረ አላውቅም። ልጅ ሆኖ የእናቱን ሳል የሚሰማ ማን አለ? ሳሏ ቤታችን ውስጥ እንደነበሩት ድምፆች ሁሉ አንዱ ነበር፤ እንደ መዶሻው፣ እንደ ሬዲዮው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት አባቴ "ዘነበወርቅ ሐኪም ጋ ደርሰን እንምጣ" አላት። የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ይዘውኝ ሄዱ። ረጅም ኮሪደር፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ የበረኪና ሽታ። እናቴን አስገቧት፣ ደግሞ ሌላ ክፍል ወሰዷት፣ መለሷት። በኋላ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ብቅ ብሎ አባቴን ብቻውን ጠራው። አባቴ ሲወጣ በቀጥታ ወደ እኛ አልመጣም። ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄዶ ፊቱን ታጠበ፤ አበሰና እንደገና ታጠበ።

"ምን አለህ?" አለችው እናቴ።

"ብርድ ነው አለ። ዕረፍት ያስፈልጋታል አለ።"

"ብርድ ነው ለማለት ነው ይህን ያህል ያቆየህ?"

"አቦ ዙቤዳ! ብርድ ነው አልኩሽ አይደል እንዴ!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አባቴ እናቴ ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር። ታክሲ ውስጥም መሐላቸው ቁጭ ብዬ እሱ በመስኮቱ ውጭ ውጩን ሲያይ፣ እሷ ጉልበቷን ስታይ አየር ጤና ደረስን። አባቴ እናቴን ጠልቷታል ብዬ ደመደምኩ።

ሐኪሙ ያለውን በደንብ ያስረዳኝ አጎቴ ነው፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ካደግኩ በኋላ። ሳንባዋ በጭስ ተጎድቷል፤ አንድ ክረምት እዚያ ክፍል ከደገመች አትተርፍም ነው ያለው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለራሷ ለበሽተኛዋ አይነገርም። ለዘመድ ይነገራል፣ ዘመድ ውጦ ይይዘዋል፣ በሽተኛዋ "ብርድ ነው" ትባላለች። አባቴም ሲደረግ ያየውን አደረገ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ጭስ ቤት እንዳትገባ ተከለከለች። ጊዜው ግን የሚያስከለክል አልነበረም። አንድ የእርዳታ ድርጅት ያዘዘው ብዙ ምድጃ ነበር፣ መስከረም ሳይጠባ መረከብ ይፈልጋል። ይህ ሥራ ካመለጠ ወርክሾፑ አከተመለት ሲባባሉ እሰማለሁ። መዶሻው ከጠዋት ጀምሮ አያርፍም፣ የተሠሩት ምድጃዎች ጭስ ቤት በር ላይ ይደረደራሉ፣ የሚለኩስላቸው ሰው ግን የለም። አንድ ከሰዓት ላሜራው ከተከመረበት ጀርባ ቁጭ ብዬ ቆርኪ ስጫወት አባቴና አጎቴ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"እሷ በቃ አትችልም" አለ አባቴ።

"ታዲያ ምን ይደረግ? ሌላ ሴት ማምጣት ነዋ።"

"እንዴት አድርጌ? ምን ትለኛለች?"

"ቀስ ብላ ትለምደዋለች። ደግሞ ሰርኬ ጥሩ ሴት ናት። ባል የላት፣ የሚከለክላት የላት።"

"ለዙቤዳ ግን ትንፍሽ እንዳትል።"

"ሲሃምስ ብትጠይቅ?"

"ለማንም አልኩህ!"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ይህን የሰማ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ሁለት ሚስት ያለው ሰው ሠፈራችን ውስጥ ብርቅ አልነበረም። የቁርኣን ቤት ጓደኛዬ የሀይፋ አባት ሁለት ነበራቸው፤ ስለዚህ ሮጬ ወደ ሀይፋ ሄድኩ። ሀይፋ በዚህ ጉዳይ ሊቅ ናት።

"መጀመሪያ እናትሽ ታማለች ይባላል" አለችኝ ጣቷን እያጠፈች። "ከዚያ አንዲት ሴትዮ ለሥራ ትመጣለች። ከዚያ አባትሽ ለሴትዮዋ ነገር ይሰጣታል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በቃ። ወይ አብረው ይኖራሉ፣ ወይ እናትሽ ወደ አገሯ ትሄዳለች።"

"እኔስ?"

ሀይፋ አሰበችበት። "አንቺ ከአባትሽ ጋር ትቀሪያለሽ" አለችኝ።

ሰርኬን አውቃታለሁ። አየር ጤና ፌርማታው ጋ ዳቦ ትሸጥ ነበር፤ ወላጆቿ ከከፋ መጥተው ሠፈራችን የኖሩ ናቸው፣ ባሏ ከሞተ ትንሽ ጊዜው ነው። ጥርሰ ፍንጭት ናት፣ ስትስቅ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ከዚያ በፊት እወዳት ነበር፤ የተቆረሰ ዳቦ ሲተርፋት ትሰጠኛለች። ሰኞ ጠዋት ሻሿን አጥብቃ አስራ መጣች። አባቴ ክብሪቱን ሰጣት፣ ጭስ ቤት ገባች፣ በሩን ከውጭ ገፋ አድርጎ ዘጋላት።

እናቴ የመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ምንም ያልነካ እጇን ጠረገችና ደግማ ጠረገችው።

ሰርኬ እየሳለች፣ እንባዋን እየጠረገች ወጣች። "ጋሽ ረሻድ፣ ይሄኛው እንኳ ምንም አይልም" አለች። አባቴም ወተቱን አቀበላት። በእናቴ ብርጭቆ ነበር ያቀበላት። እናቴ ይህን አይታ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ፤ ምሳ አልበላችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት መጥፎ ነበሩ። ቤታችን ውስጥ ሰው በእግር ጣቱ የሚሄድ ይመስል ነበር። አባቴ ሲገባ እናቴ ታቆማለች፤ የያዘችውን ሥራም፣ ወሬውንም። እሱም ዓይኗን ሳያይ በልቶ ይወጣል። ሰርኬ "ሲሃምዬ፣ ነይ እስቲ ዳቦ አምጥቼልሻለሁ" ስትለኝ ምራቄን እንትፍ ብዬ ሮጥኩ። ሳቀች። ሳቋን ጠላሁት።

አንድ ቀን እትዬ ጤናዬ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ እናቴን ጠራቻት።

"አንቺ ዙቤዳ፣ ዝም ትያለሽ እንዴ? እሳቱን እኮ ያዘችው!"

"አይ፣ እኔን እንዲያሳርፉኝ ብለው ነው" አለች እናቴ ልብስ እያሰጣች።

"እሱንማ አየን! እኔንም እንዲህ አርጎ የሚያሳርፈኝ ይጥፋ!"

እናቴ ልብሱን ሳትጨርስ ጥላው ገባች። በማግስቱ ጠዋት ቀድማ ተነስታ፣ የጭስ ቤት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጭራሮ ታቅፋ ወጣች። አባቴ ከየት መጣ ሳይባል በሩ ላይ ቆመ። ክንዱን ዘርግቶ ሁለቱን የበር መቃኖች ያዘ።

"አትገቢም።"

"ደህና ነኝ። ዛሬ ይሻለኛል።"

"አትገቢም አልኩሽ እኮ።"

"ለምን?"

"ብርድ ነው፣ ነግሬሻለሁ።"

"ብርድማ ከሆነ መድኃኒቱ እሳት አይደል እንዴ!" አለችው። "ልሙቅ! ምን ከለከለኝ?"

አጎቴ መዶሻውን አወረደ። አባቴ መቃኖቹን አልለቀቀም። ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል፤ እውነቱን ውጦ ነበር የቆመው። ያኔ ግን ያየሁት ባሏ መንገድ የዘጋባትን እናቴን ነው። ጭራሮውን እግሩ ሥር ጥላው ተመለሰች። ሰርኬ መጥታ ጭራሮውን ለቅማ ገባች።

ስለ አባቴ አንድ ነገር ልናገር፣ ከዚያ እተወዋለሁ። እወደዋለሁ፤ ነፍሱን ይማረው። ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፦ የሚስቱን ሳንባ ከዚያች ክፍል አወጣና የሰርኬን አስገባ። በእርጅናው ጠይቄዋለሁ። "ወላሂ አላሰብኩትም፣ እናትሽን ብቻ ነው የማስበው የነበረው" አለኝ። አምነዋለሁ፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

እናቴ በእነዚያ ቀናት ለእኔ እንግዳ ሆነችብኝ። ፀጉሬን ስትጎነጉን ታጠብቀዋለች፣ "አመመኝ" ስላት አታላላልኝም። የራሴን ካልሲ እንዴት እንደማጥብ አሳየችኝ። የመድረሳ ልብሴን እንዴት እንደማጣጥፍ አሳየችኝ፤ ሳበላሸው ፈታ እንደገና አሳጠፈችኝ። "አባትሽን እሺ በዪ" አለችኝ። "ሰው ላይ ምራቅ አትትፊ፣ ነውር ነው። ሰርኬ ምን አደረገችሽ?"

"አንቺን ምን እንዳደረገችሽማ አውቃለሁ!" አልኳት።

እጇ ፀጉሬ ላይ ቆመ። "ምን ታውቂያለሽ?" አለችኝ ቀስ ብላ። ፈራሁ። "ምንም" አልኩ። እሷም መጎንጎኗን ቀጠለች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ። የመጨረሻዎቹ ምድጃዎች በጭስ ቤቱ ጥግ ላስቲክ ለብሰው ተደርድረዋል። በማግስቱ መኪና መጥቶ ሊጭናቸው ነው። ሰርኬ ውስጥ ናት፣ አባቴና አጎቴ ወርክሾፕ ውስጥ። እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አሸንዳው ሥር ያለው ባልዲ ሲሞላ አያለሁ። እናቴ ከኋላዬ ወጣች። ጥቁር የክት አባያዋን ለብሳለች። በእጇ ትንሽ ሻንጣ ይዛለች።

በዚያ ዝናብ የክት ልብስ! ዛሬ ነው፣ ሊያስወጣት ነው አልኩ። ዘልዬ አባያዋን ጨበጥኩ።

"ወዴት ነው?"

"ልቀቂኝ ሲሃም።"

"እኔም እሄዳለሁ!"

"ልቀቂኝ አልኩሽ እኮ!"

አልለቀቅኩም። እየተራመደች ጎተተችኝ፣ ጭቃው ላይ ተጎተትኩ። ግቢው መሐል ስንደርስ ከጭስ ቤት ውስጥ ሰርኬ ስትስል ሰማን። ረጅም ሳል ነበር። ከሳሉ ቀጥሎ የአባቴ ድምፅ ከወርክሾፑ መጣ፦ "ሰርኬ፣ ደህና ነሽ? ወተቱን ላምጣልሽ?"

እናቴ ቆመች። ሻንጣውን ጭቃው ላይ አስቀመጠች። ሁለት እርምጃ ስትሄድ ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት ተመልሳ ያንን ሙሉ ባልዲ አነሳች፣ የጭስ ቤቱን በር በእግሯ በረገደችው፣ ውሃውን እንዳለ የምድጃው አፍ ውስጥ ገለበጠችው።

እንፋሎቱ ጮኸ። አመድና የፈነዳ ጭቃ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ሰርኬ "ኧረ በማርያም!" እያለች ዘልላ ወጣች፣ ግራና ቀኙ ጠፍቷት፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዶ። አባቴና አጎቴ እየሮጡ መጡ።

"ምን ሆነሻል ዙቤዳ? አበድሽ እንዴ?"

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ባልዲው እጇ ላይ ነው። "እዚህ ግቢ ውስጥ ሌላ ሴት እሳት አትለኩስም!" አለች።

እትዬ ጤናዬ ዝናብ ሳይበግራት አጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋለች። እናቴ አጥሩን አየች፣ ሰርኬን አየች፣ አባቴን አየች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ።

"እኔ የዋጥኩት ጭስ ይበቃል" አለች። "ሌላዋ አትውጥም። ጭሱን ወደ ውጭ የምታወጡበት መላ ከሌላችሁ ምድጃ የሚባል ነገር አትሥሩ።"

"ነገ እኮ ነው የምናስረክበው" አለ አጎቴ።

"ገደል ይግባ!"

አባቴ ክንዷን ያዘ። "ግቢ ወደ ቤት። እዚህ አትቁሚ። ጭሱ ገና አልወጣም፣ ግቢ!"

"አልገባም! ምን በድዬህ ነው በገዛ ቤቴ ከበር የምትመልሰኝ? ብርድ ነው ትለኛለህ—"

"ብርድ አይደለም!"

እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባቴ ወጥቶ አያውቅም፣ ከዚያም ወዲህ አልወጣም። እኔ አባያዋን ለቀቅኩ።

"ብርድ አይደለም! ሳንባሽ ነው! ሳንባዋ አልቋል አለኝ ሐኪሙ። ጭስ ከደገመች ትሞታለች አለኝ። ምን ብዬ ልንገርሽ? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ብዬ ነበር የምነግርሽ?" አለና ጭቃው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እናቴ ባልዲውን አስቀመጠች። "ሳንባዬ ነው?" አለችው።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ሌላ ምንም የለም?"

"ሌላ ምን ይኑር ዙቤዳ? ይሄ አነሰሽ?"

እናቴ ከነክት ልብሷ አጠገቡ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች። ሳል እስኪያንቃት ድረስ ሳቀች፣ ሳሉ ሲለቃት ደግሞ ሳቀች። እትዬ ጤናዬ "ያ አላህ፣ አእምሮዋን ነካት" አለች። እኔ ግን የገባኝ እናቴ እንዳሸነፈች ነው። አባቴ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ሰርኬ ጥግ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ እሳቱ ጠፍቷል፣ እናቴ ትስቃለች። ከዚህ በላይ ምን ማሸነፍ አለ? እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ያን ሳቅ በኋላ ሁሉም ድንጋጤ ነው አለው። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚለው፣ ሐኪሙም ሲነግሩት እንደዚያ አለ። እኔም ሳድግ ያንኑ አመንኩ። ሻንጣውን ደግሞ "ወራቤ ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳ ልታርፍ ነበር" አሉኝ፤ እሱንም አመንኩ።

እናቴ ከተነሳች በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው ሰርኬን እጇን ይዛ ወደ ቤት ማስገባት ነበር። ደረቅ ልብስ ሰጠቻት። በማግስቱ መኪናው መጥቶ፣ እናቴ አንድም ምድጃ አይጫንም ስላለች፣ ባዶውን ተመለሰ፤ ድርጅቱም ሌላ ጋ አሠራ። አጎቴ ለአጥር በር የተገዛ ቱቦ ቆርጦ ምድጃው ጀርባ ላይ በየደ፣ ቱቦውን በጭስ ቤቱ ጣሪያ አሾለከው። መጀመሪያ ጭሱ በአፉ ተመለሰ። ቱቦውን አስረዘሙት፣ አሰፉት፣ ጠማማውን አቃኑት፤ እናቴ ከሩቅ ከበረንዳው ሆና ጣሪያው ላይ የሚወጣውን እያየች "ገና ነው" ትላቸዋለች። ቀላል ጊዜ አልነበረም። "ጣሪያዬን በስቼ ምድጃ ልትከል እንዴ!" እያለ ገዢው ሁሉ ጥሎን ሄደ፤ የአጥር በር በመበየድ፣ የተሰበረ አልጋ በመጠገን ነው የኖርነው። ከዚያ አንዷ ምግብ ቤት ያላት ገዛች፣ እህቷን አመጣች፣ እህቷ ጎረቤቷን። ወርክሾፑ ቆመ። ስሙም ዙቤዳ ምድጃ ሆነ።

አባቴ ታሪኩን ለገዢ ሁሉ ይነግር ነበር። "የእኔ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ፣ የባለቤቴ ነው። ራሷ ልትሞት ደርሳ ለሌላ ሴት ሳንባ ያዘነች ሰው ናት" እያለ። እናቴ አጠገቡ ካለች ሻሿን ታስተካክላለች። ሰርኬም አለች፤ ያን ጊዜ ሽያጩን ይዛ ቀረች፣ ዛሬ ያለ እሷ ወርክሾፑ አይከፈትም። እኔም ታሪኩን በየባዛሩ ማይክ እየያዝኩ ተርኬዋለሁ። ሰው ያጨበጭብለታል።

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ብዙ አትወጣም። መድኃኒቷን በአፏ እየሳበች በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ወሬ ጠፋኝና፣ ትስቃለች ብዬ፣ ከሀይፋ በቀር ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳት።

"እማዬ፣ ልጅ ሆኜ እኮ አባዬ ሰርኬን ሊያገባት ነው ብዬ አምኜ ነበር።"

አልሳቀችም። ወደ ወርክሾፑ ዞረች።

"እኔስ?" አለች።

"አንቺስ ምን?"

"እኔስ ምን ያሰብኩ መሰለሽ?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ገባኝ። "እና ያ ሁሉ ንግግር? ሌላ ሴት ጭስ አትውጥም ያልሽውስ?"

"ያቺ ጤናዬ አጥር ላይ ተሰቅላ እያየችኝ ምን ልበል? ቀናሁ ልበል? አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ደግሞ እውነት ሆኖ ቀረ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ለአባዬስ አልነገርሽውም?"

"እንደዚያ እየኮራብኝ እንዴት ብዬ ልንገረው?" አለችና መድኃኒቷን ሳበች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኩ። "ልሄድ ነበር የወጣሁት ያን ቀን። ወራቤ ላርፍ አይደለም። በቃ ልሄድ። አንቺን ለእሱ ትቼ።"

እኔ ልጅ ሆኜ ሊያስወጧት ነው ብዬ የፈራሁላት እናቴ ናት ይህን የምትለኝ። ተናደድኩባት። የዚህ ዕድሜ ሴትዮ ሆኜ፣ ሠራተኛ የማስተዳድር ሰው ሆኜ፣ የስምንት ዓመቷ ልጅ ተመልሳ መጣችብኝ።

"እኔን ትተሽ?" አልኳት።

"አዎ። እንዴት እንደምችለው አላውቅም ነበር፤ ግን ልሄድ ነበር።" እጄን ፈልጋ ያዘች። "አትቆጪኝ። ጠላኝ ብዬ ስድስት ሳምንት ሙሉ በቁሜ ሞቻለሁ።"

"ታዲያ ምን አስቀረሽ?"

"ጭቃ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አላየሽውም? ትሞቻለሽ አለኝ፣ ሌላ ምንም የለም አለኝ።" ዓይኗ ሞላ። "ወላሂ ሲሃም፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።"